ናጋ እና ነጋ

ለብ ያለ ውሃ፣ ሎሚ የተጨመቀበት፣ በብርጭቆ ራስጌዬ ተቀምጧል። ያስቀመጠችው ልጄ ናት። ሐኪሞቹ እናትሽ ደም ብዛት አለባት ብለው ካስፈራሯት ወዲህ ጠዋቴን ተረክባኛለች። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ስልኳን ትከፍታለች፤ ከዚያ አንድ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት፣ ከኋላው የሚንፎለፎል ውሃ እያሰማ፣ «በቀስታ ይንቁ። አይቸኩሉ። ይህ ጠዋት የእርስዎ ነው፣ የእርስዎ ብቻ» ይለኛል። ለደም ብዛት የታዘዘ ነገር ደም ሲያፈላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔን ያፈላዋል።

«ተረጋጊ ነው እኮ ያለሽ እማዬ» ትለኛለች ልጄ። ተረጋጊ ማለቱን አልጠላሁም። የጠላሁት «የእርስዎ ብቻ» ያላትን ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ነገሌ ውስጥ፣ ቀስ ያለ ጠዋት የነበራት አንዲት ሴት አውቃለሁ፤ እናቴ ናት። ጠዋቷ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። የእሷ ብቻ ቢሆንማ ሲወሰድባት ጉዳቱ እሷው ላይ በቀረ ነበር።

ቤታችን ከገበያው በላይ፣ ቀዩ አፈር ወደ ጥዱ ጫካ በሚወጣበት መንገድ ዳር ነበር። ቆርቆሮ ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የእሾህ አጥር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ እናቴን በሙሽርነቷ ነው በጭነት መኪና አሳፍሮ ያመጣት። እኔም ታላቅ ወንድሜም ነገሌ ተወለድን፤ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር አብረን አፋችንን ፈታንበት።

አባቴ የችኮላ ሰው ነበር። የሚቸኩልበት ጉዳይ ኖሮት አይደለም፤ ችኮላው ራሱ ጉዳዩ ነበር። የጦር ሠፈሩ ጡሩምባ ሳይነፋ ይነሳል፤ እሱ ከተነሳ ደግሞ የሚተኛ ፍጡር መኖር የለበትም። ውሃ ይላል፣ ሸሚዝ ይላል፣ ጫማዬን የት ደበቃችሁት ይላል። ጫማው ሁልጊዜ ያደረበት ቦታ ነበር። ቁርሱን ቆሞ ይበላል፣ ጸሎቱን እየሄደ ያደርሳል፤ «አቡነ ዘበሰማያት» ጓዳ ውስጥ ጀምሮ «አሜን» የሚለው የአጥሩ በር ላይ ነበር። የቢሮው ዘበኛ አንድ ቀን ለእናቴ ሲያጫውታት ሰምቻለሁ፤ እሱ ቁልፉን ይዞ ሲደርስ ጌታው በተዘጋው በር ፊት ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ ያገኛቸዋል አሉ። ያን ሁሉ አዋክቦን የሚደርሰው የተዘጋ በር ላይ ነበር።

እናቴ እንደመጣች ሰሞን ጠዋት ጠዋት ልቧ ይደልቅ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከቤቱ ብርጭቆ ሳትሰብረው የተረፈው ጥቂት ነው ይባላል። ከዚህ ያወጣቻት ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት ናት። ሴትየዋ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ ትመጣለች፤ የወተት ጮጮዋ በእንጨት ጭስ የታጠነ ስለነበር ገና ከአጥሩ ማዶ ሳለች ሽታው ይቀድማታል። አንድ ቀን እናቴ ወተቱን ገልብጣ ልትሮጥ ስትል ክንዷን ያዘቻት። «ታኢ» አለቻት፤ ተቀመጪ ማለት ነው። «ሱታ፣ ሱታ።» ቀስ፣ ቀስ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አደረገቻትና ሰላምታ አስተማረቻት። ይህን እናቴ ራሷ ነች የነገረችኝ፣ እየሳቀች።

የቦረና ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። «ናጋ ቡልቴ?» ይባላል፤ በሰላም አደርሽ ወይ ነው። «ናጋ።» ሰላም። «ዋሪ ናጋ?» ቤተሰቡስ? «ናጋ።» «ኢጆሌን ናጋ?» ልጆቹስ? «ናጋ።» «ሎን ናጋ?» ከብቶቹስ? «ናጋ።» ሣሩም፣ ውሃውም፣ መንደሩም ተራ በተራ ይጠየቃል፤ መልሱ ግን ያው አንድ ቃል ነው። ላሟ ሞታም ቢሆን ናጋ ነው። ልጁ ታሞ ተኝቶም ቢሆን ናጋ ነው። ይህ ውሸት አይደለም። መጀመሪያ በሁለቱ ሰዎች መካከል ሰላም ይነጠፋል፣ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ዝም ይባላል። ከዝምታው በኋላ «ኦዱ?» ይባላል፤ ወሬስ እንደማለት ነው። እውነቱ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። ላሟም የምትሞተው ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ይህን ተማረችና ጠዋቷን በእሱ ዙሪያ ሠራች። ከአባቴ ቀድማ ትነሳለች። በፍሙ ላይ ለብ ባለ ውሃ ፊቷንና እግሯን ትታጠባለች፤ ጋቢዋን ተከናንባ፣ መፋቂያዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። እንዝርት አትይዝም፣ ጥጥ አትይዝም፣ እህል አትለቅምም። እኔ ከጋቢው ሥር ገብቼ ጉልበቷ ላይ ራሴን አስደግፋለሁ። ፀሐይ ከግራሮቹ ጀርባ ስትወጣ መጀመሪያ አጥሩን፣ ከዚያ የውሃ በርሜላችንን፣ ከዚያ የእናቴን ጣቶች ታበራለች። የግመል ደወል ከሩቅ ይሰማል። ጎረቤታችን፣ የሱቁ ባለቤት ሚስት፣ ሰግዳ ስትጨርስ ትመጣና ከጎኗ ትቀመጣለች። የወተቷ ሴት ትደርሳለች። ከዚያ ናጋው ይጀመራል። የእናቴ እጅ መንቀጥቀጡን ተወ።

ከውስጥ አባቴ ይጮኻል። ወጥቶ ሲያልፋቸው ሁልጊዜ አንድ ቀልድ ነበረችው። «ነጋ፣ ነጋ ይባባላሉ። መንጋቱንማ እኔም አይቻለሁ» ይልና ብቻውን ይስቃል። ከኦሮምኛ የተማረው ለመጠየቅ የሚበቃውን ያህል ነው፤ ለመስማት የሚበቃውን ትቶታል። መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «ናጋ?» እያለ ይወረውራል፤ «ናጋ» ሲሉት እሱ አሥር እርምጃ አልፏል። እናቴ ከኋላው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላለች፣ እንዳይሰማት ቀስ ብላ። ቢሰማትም ቆሞ አይጨርሳትም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የእናቴ ልጅ ነበር። ሲበላ ቀስ፣ ሲሄድ ቀስ፤ አባቴ «ዔሊው» ነበር የሚለው። ሽማግሌዎች ሲያገኙት ናጋውን እስከ መጨረሻው ይዘልቀዋል፤ ስለዚህም ይወዱታል። አባቴ ግን እሱንም አላስቆመውም። ትምህርቱን ሳይጨርስ አስወጣውና ከከብት ክትባት ሠራተኞች ጋር ጸሐፊ አድርጎ አስቀጠረው። «ጊዜ አይጠብቅህም፣ ራስህን ቻል» አለው። ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ላንድሮቨሩ ኋላ ላይ ተቀምጦ እጁን እያውለበለበልን ወደ ዳዋ ወንዝ በኩል ሄደ፤ አቧራው እስኪጠፋ እናቴ ከደጃፉ አልተነሳችም።

እሱ በሄደ ሰሞን አንድ ትልቅ ሹም ሊጎበኝ እንደሚመጣና ምሳውን እኛ ቤት እንደሚበላ ተነገረ። ቤታችን እሳት ገባበት። አባቴ ግድግዳ አስለቀለቀ፣ አጥር አሳጠረ፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑ ደጃፉ ላይ አረፈ። «ሹሙ መጥተው ደጃፌን የወተት ገበያ ሆኖ ሊያዩት ነው?» አለ። ሹሙ ተመልሰው እስኪሄዱ ድረስ ማንም እንዳይቀመጥ ከለከለ። የወተቷን ሴት አጥሩ በር ላይ ጠብቆ፣ ወተቱን ገልብጣ እንድትሄድ በእጁ አመለከታት። እሷም ገልብጣ ሄደች። ናጋ ቡልቴ ሳትባባል ስትሄድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። እናቴ ለእንግዳው ከሱቅ ከተዋስናቸው ብርጭቆዎች አንዱን በማግስቱ ሰበረች።

ይኸው አሁንም ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል። ልጄ ከወዲያኛው ክፍል «ውሃውን ጠጣሽ?» ትላለች። ጠጥቻለሁ እላታለሁ።

እንግዳው የሚመጣበት ጠዋት ነው። እናቴ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ጓዳ ጭስ ውስጥ ናት። እኔ ከበርሜሉ ውሃ ስቀዳ ከአጥሩ ውጭ አንድ ረጅም ሰው በዘንጉ ተደግፎ ቆሞ አየሁ። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፤ ሲሄድ ያደረ ሰው ነው። አያንኳኳም፣ አይጣራም፤ እስኪያዩት ይጠብቃል። በኋላ እንደሰማነው የተላከው «ደጃፍ ላይ የምትቀመጠው ሴት ቤት» ተብሎ ነው። ደጃፉ ግን ባዶ ነበር። ከውስጥ ከረባቱን እያሠረ አባቴ ወጣ።

ከየት እንደመጣ ጠየቀው። ሰውየው ከዳዋ ወዲህ ያለች አንዲት መንደር ጠራ፤ ወንድሜ የሚሠራበት አገር ነው። አባቴ ፊቱ በራ። «ልጁስ? ናጋ?» አለው። ሰውየው ዘንጉን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረና «ናጋ» አለ። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔን «ምን ያስገትርሻል፣ ውሃውን አድርሺ» አለኝና ባርኔጣውን ሊያመጣ ገባ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ያንን አይቻለሁ።

እናቴ ከጓዳ ሆና ማን ነው አለች።

«ከልጁ አገር የመጣ ሰው ነው። ናጋ ነው ልጅሽ።»

«ከናጋ ወዲያስ ምን አለ?»

«ከናጋ ወዲያ ምን ይላል? ሰላም ሰላም ነው» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ወደ አጥሩ በር ሮጠች። ሰውየው የለም። የቤቱ ጌታ ጥሎት ሲሄድ፣ በቃ ጊዜው ሲፈቅድለት ይሰማኛል ብሎ በሩቁ ተከትሎት ሄዷል። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ዛሬ ትልቅ እንግዳ አለ ብሎ አላስገባውም። እሱም ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ሥር ካለች ዛፍ ጥላ ተቀመጠ። የተላከውን የሚሰማው ሰው እስኪያገኝ ጠበቀ። እናቴ ወደ ገበያ ላከችኝ፤ የወተቷን ሴት አገኘኋትና ነገርኳት። ነጠላዋን አጥብቃ ስትፈልገው ዋለች።

ስታመጣው እንግዶቹ ማዕድ ላይ ነበሩ። እናቴ በክት ቀሚሷ ወጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሰውየውም ተቀመጠ። «ናጋ ኦልቴ?» ብሎ ጀመረ፤ በሰላም ዋልሽ ማለቱ ነው። እናቴ በዕድሜዋ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሰላምታ ቆረጠች። እጁን ይዛ «ናጋውን ተወው፤ ልጄስ?» አለችው። ሰውየው ወደ ወተቷ ሴት አየ፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ከዚያ ነገራት። ልጁን ትኩሳት ይዞታል፤ ወባ ነው። የክትባቱ ላንድሮቨር እሱን ትቶ ዳዋን ተሻግሮ ሳለ ነው የጠናበት። አሁን ሰው አይለይም። መኪና ይላኩ ብሏል መንደሩ።

የሹሙ ላንድሮቨር አጥራችን ሥር ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ውስጡ ተኝቷል።

እናቴ ገብታ ለአባቴ በጆሮው ነገረችው። ፊቱ አመድ ሲመስል አይቻለሁ፤ አልሰማም አልልም። ይልቅ ምን እንዳላት ልንገራችሁ። «ይጨርሱና እጃቸውን ይታጠቡ፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ» አላት። ዕድሜውን ሙሉ እኛን በጅራፍ እንደሚነዳ ሲያጣድፈን የኖረው ሰው፣ ያን ቀን፣ በዚያች ሰዓት፣ ትዕግሥት አገኘ። ሹሙ በሉ። ተጨመረላቸው፣ ደገሙ። ስለ አደን አንድ ረጅም ጨዋታ አመጡ፤ አባቴ ሳቀላቸው። እናቴ ከበሩ ጀርባ ቆማ የነጠላዋን ጥለት በጥርሷ ነክሳ ነበር። መጨረሻ ላይ ሲነግራቸው ሹሙ ብድግ አሉ። «አንተ ሰው፣ ምነው ስገባ አልነገርከኝም?» ነው ያሉት። ወዲያው ሾፌሩን አስቀሰቀሱት።

አባቴና ሰውየው በመኪናው ሄዱ። ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። በማግስቱ ሲመለሱ ወንድሜን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነው ያመጡት። ሲደርሱ አልፎ ቆያቸው። አንዲት የመንደሩ ሴት ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ከንፈሩን በወተት ስታርስ ነበር ያረፈው፤ እናቱን በአማርኛ ሲጠራ እሷ በኦሮምኛ አቤት ስትለው።

ግማሽ ቀን ያድነው ነበር? በከተማው በሽተኛ ለሚያክመው ድሬሰር ይህን ጥያቄ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ፣ ለቅሶው ላይ። አቀርቅሮ የቦርሳውን ማሰሪያ ይፈታ ይቋጥር ጀመር። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አባቴ ግን መልስ ነበረው። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ናጋ አለኝ እኮ» ይል ነበር። «እኔ ጠየቅሁት፤ ልጁስ ብዬ በአፌ ጠየቅሁት። ናጋ አለኝ።» ለቄሱ ነገራቸው፣ ለዘበኛው ነገረው፣ ለባለ ሱቁ ነገረው። ሰውም ምን ታደርገዋለህ፣ ሰውየው እንዲያ ካለህ ይለዋል። የሚያንገበግበኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ጠይቋል፤ ናጋም ተብሏል። አባቴ ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ክፉ አልነበረም፤ ልጁን ይወድ ነበር። ቆሞ ለመስማት ግን አንድ ጊዜ እንኳ እግሩ አልታዘዘለትም፤ ይህን ይቅር አላልኩትም፣ አልልም። ሞቶም አልለውም።

ለቀስተኛው ሲበተን፣ በመጀመሪያው ጠዋት፣ እናቴ እንደ ድሮዋ ቀድማ ተነሳች። ፊቷንና እግሯን ታጠበች። ጥቁሯን እንደለበሰች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አልከለከላትም። እኔ አጠገቧ ሆንኩ። አባቴ ቢሮ አልሄደም፤ የጫማው ማሰሪያ እንደተፈታ ከኋላችን በሩ መቃን ላይ ቆሟል። የወተቷ ሴት መጣች። ወንድሜ ሲቀበር አፈሩ ላይ ተንበርክካ ያለቀሰች ሴት ናት፤ የማታውቀው ነገር የለም። ጮጮዋን አስቀምጣ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ናጋ ቡልቴ?»

«ናጋ» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልተሰበረም።

«ዋሪ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ኢጆሌን ናጋ?» ልጆቹስ?

«ናጋ።»

ይሄኔ አባቴ ከኋላችን ፈነዳ። «የምን ናጋ? ልጄ ሞቷል። ታውቃለች እኮ፣ አብራን ቀብራለች፤ ምንድን ነው የምትጠይቅሽ? ንገሪያት እንጂ» አለ። እናቴ ዞራ አላየችውም።

«ቆዩ» አለችው። «ገና አልጨረስንም።»

የወተቷ ሴት ቀጠለች። ከብቶቹስ? ናጋ። ሣሩስ? ናጋ። ውሃውስ? ናጋ። አባቴ መቃኑን ተደግፎ ቀስ በቀስ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። የጦር ሠፈሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ አልተነሳም። መንደሩስ? ናጋ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ፣ በርሜሉን አልፋ እግራችን ድረስ መጣች፤ እነሱ ገና ዝም እንዳሉ ነበሩ።

«ኦዱ?» አለች ሴትየዋ፣ በጣም ቀስ ብላ።

እናቴም ወሬውን ወንድሜ ከተወለደበት ቀን ጀመረችላት።